«ለሽንት ብዬ ላስነሳት?» ሆስፒታል የተኛ ሰው ለምን ይወድቃል? አስታማሚስ ምን ያድርግ?



ዘመድ ሆስፒታል ሲተኛባችሁ የምትጠይቁኝን ጥያቄ በቃሌ ይዤዋለሁ። «ዶክተር፣ ውጤቱ ምን አለ?»፣ «ምን እናብላው?»፣ «መቼ ይወጣል?»። ሁሉም ተገቢ ጥያቄ ነው። «ዛሬ ሌሊት ሽንቱ ቢመጣ እንዴት አድርጎ ይነሳ?» ብሎ የጠየቀኝ አስታማሚ ግን በጣት የሚቆጠር ነው።

ትንሽ ጥያቄ ትመስላለች አይደል? ግን በሳንባ ምች ተኝቶ፣ ምቹ ከተሻለው በኋላ በዳሌ ስብራት ኦፕራሲዮን ክፍል የሚገባ ሰው አለ። ለስኳር ሕክምና መጥቶ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም የሚፈስበት ሰው አለ። እነዚህን ሰዎች የጎዳቸው የመጡበት በሽታ ሳይሆን ከአልጋው እስከ ሽንት ቤት ያለው መንገድ ነው። ዛሬ ስለዚህ መንገድ እናውራ። ጽሑፉ ረዘም ይላል፣ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡት። ሁላችንም አንድ ቀን አስታማሚ መሆናችን አይቀርም።

ምን ያህል የተለመደ ነው?

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ሆስፒታል ውስጥ በታካሚዎች ላይ ከሚደርሱ አደጋዎች በብዛት የሚያጋጥመው መውደቅ ነው። መጠኑን በ1,000 የአልጋ ቀናት ከ3 እስከ 5 ያደርሰዋል። ቁጥሩን ላቅልለው፦ 200 አልጋ ያለው ሆስፒታል አልጋዎቹ ሁሉ ከተያዙ በ5 ቀን ውስጥ 1,000 የአልጋ ቀናት ይሞላሉ። ስለዚህ በ5 ቀን ከ3 እስከ 5 ሰው ይወድቃል፤ በቀን ወደ አንድ ሰው ይጠጋል ማለት ነው። ከእነዚህ ውስጥ ከሦስት አንዱ፣ እንዲያውም ከዚያ በላይ፣ ጉዳት ይደርስበታል።

በአረጋውያን ላይ በጣም የምንፈራው ጉዳት የዳሌ ስብራት ነው። ጥሩ ሕክምና ባለባቸው አገሮች እንኳ ዳሌያቸው ከተሰበረ አረጋውያን ከአምስት አንድ ያህሉ ዓመት ሳይሞላቸው ይሞታሉ። ከተረፉትም ብዙዎቹ እንደ ድሮው አይራመዱም። ስለዚህ «ተንሸራተተ እኮ ነው፣ ምንም አልሆነም» ብለን የምናልፈው ነገር አይደለም።

ቤቱ የማይወድቅ ሰው ሆስፒታል ለምን ይወድቃል?

«አባባ እኮ ቤት ውስጥ ብቻቸውን ነው ወዲህ ወዲያ የሚሉት» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው። ነገር ግን ለቀናት የተኙት አባባ ቤት ስታውቋቸው የነበሩት አባባ አይደሉም። ምክንያቶቹን ልዘርዝር።

አንደኛ፣ ጡንቻ። እ.ኤ.አ. በ2007 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት ጤነኛ አረጋውያንን ለ10 ቀን አልጋ ላይ ብቻ አቆያቸው። በ10 ቀን ውስጥ ከእግራቸው ላይ በአማካይ ወደ 1 ኪሎ የሚጠጋ ጡንቻ አጡ። ልብ በሉ፣ ሰዎቹ አልታመሙም፤ ትኩሳት የላቸውም፤ በደንብ ይበላሉ። የታመመና ምግብ እምቢ ያለው ሰው እንዴት እንደሚሆን አስቡት።

ሁለተኛ፣ የደም ግፊት። ከተኛንበት ስንነሳ ከግማሽ ሊትር በላይ ደም ቁልቁል ወደ እግርና ወደ ሆድ ይወርዳል። ጤነኛ ሰው ላይ የደም ሥሮች ወዲያው ጠበብ፣ ልብም ፈጠን ይሉና ግፊቱን ያስተካክሉታል፤ እኛም አይታወቀንም። ያስቀመጠው፣ ያስመለሰው፣ ደም የፈሰሰው፣ ለቀናት የተኛ፣ ስኳር ነርቩን የጎዳበት ወይም የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን ይህ ማስተካከያ ይዘገይበታል። በቆመ በ3 ደቂቃ ውስጥ የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ ችግር አለ እንላለን። ለታካሚው የሚሰማው ዓይኑ ጭልም ማለቱ፣ ራሱን ማዞሩና ጉልበቱ መክዳቱ ነው።

ሦስተኛ፣ መድኃኒት። እንደ ዳያዜፓም ያሉ የሚያስተኙ መድኃኒቶች፣ ትራማዶልን የመሰሉ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻዎች፣ አሚትሪፕቲሊን፣ የግፊት መድኃኒቶች፣ እንደ ላሲክስ ያሉ የሚያሸኑ መድኃኒቶች አንዱ ያደነዝዛል፣ ሌላው ግፊት ያወርዳል፣ ሌላው ደግሞ በሌሊት ያስነሳል። ይህን አንብባችሁ መድኃኒት እንዳታቋርጡ! ሐኪሙን «ከእነዚህ ውስጥ የሚያዞር አለ ወይ? የሚያሸናውን በጊዜ፣ ቀን ላይ መውሰድ ይቻላል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁት። ሰዓቱን የሚቀይረው እሱ ነው።

አራተኛ፣ ቦታው። አልጋው ከቤቱ አልጋ ከፍ ይላል፣ ጎማም አለው። ሽንት ቤቱ ብዙ ጊዜ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ነው። ወለሉ ይታጠባል። መብራት ይጠፋል። እጁ ላይ ግሉኮስ፣ ጭኑ ላይ የሽንት ቱቦ ይኖራል። በሰው ቤት በጨለማ እንደመሄድ ነው።

አምስተኛ፣ መደናገር። ቀን ሲያወራ የዋለ አዛውንት ማታ ላይ ያለበት ቦታ ይጠፋበታል፤ «ተነሱ ወደ ቤት እንሂድ» ይላል፣ ግሉኮሱን ይነቅላል። ይህ እብደት አይደለም፣ ርኩስ መንፈስም አይደለም። ኢንፌክሽን፣ የኦክስጅን ማነስ፣ የሽንት መታፈን፣ የጨው መዛባት ወይም መድኃኒት የሚያመጣው ድንገተኛ የአእምሮ መታወክ ነው። እንዲህ ሲሆን ካያችሁ እስኪነጋ አትጠብቁ፤ ወዲያው ለነርሷ ንገሯት።

እነዚህ አምስቱ አንድ ሌሊት፣ አንድ መንገድ ላይ ይገናኛሉ። ብዙ ጥናቶች ደጋግመው እንዳሳዩት ሆስፒታል ውስጥ የሚወድቁ ሰዎች ብዙዎቹ ወደ ሽንት ቤት ሲሄዱ፣ እዚያው ውስጥ ሳሉ ወይም ሲመለሱ ነው የሚወድቁት። አብዛኛውን ጊዜም ማንም አያያቸውም።

ይሉኝታ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

አንድ ጊዜ ለምክክር ተጠርቼ ያየኋቸው አባት ነበሩ። በሳንባ ምች ተኝተው፣ ትኩሳቱ ለቋቸው፣ ቤተሰቡ ልብስ ማመላለስ ጀምሮ ነበር። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ብቻቸውን ለሽንት ተነሱና አልጋው ሥር ወደቁ። የቀኝ እግራቸው አጥሮ ወደ ውጭ ዞሯል። ራጅ ሳይነሱም ዳሌያቸው መሰበሩ ያስታውቅ ነበር። ልጃቸው እዚያው አጠገባቸው፣ መሬት ላይ ባነጠፈችው ፍራሽ ተኝታ ነበር። ሦስተኛ ሌሊቷ ነው።

«አባቴ፣ ምነው ልጅዎን ቢቀሰቅሷት?» አልኳቸው።

«ቀኑን ሙሉ ስትላላክ ውላ አሁን ገና ነው ያሸለባት። ለሽንት ብዬ ላስነሳት?» አሉኝ።

እሳቸው ለልጃቸው አዘኑ። ልጅቷ ደግሞ «እንቅልፌ ነው ጉድ የሠራን» እያለች ታለቅሳለች። ሁለቱም ጥፋተኛ አይደሉም። በደንብ ይዋደዳሉ፤ ሌሊቱን እንዴት እንደሚያሳልፉት ግን አልተነጋገሩበትም።

ሐኪም ሆኜ እንደታዘብኩት እኛ ጋ ታካሚን ከሚጥሉት ነገሮች ዋነኛው ይሉኝታ ነው። አባት ልጁን ማስነሳት ያሳዝነዋል። እናት በወንድ ልጇ ፊት ፖፖ ላይ መቀመጥ ታፍራለች። ወጣቱ «እኔ ለሽንት በሰው እደገፋለሁ?» ይላል። ሲስተርን መጥራት ደግሞ «ሥራ በዝቶባታል፣ ላስቸግራት አልፈልግም» ተብሎ ይታለፋል። ጡንቻውን በአንድ ሌሊት መመለስ አንችልም፤ ሽንት ቤቱንም ማቅረብ አንችልም። ይሉኝታውን ግን ዛሬ ማታ፣ በአምስት ደቂቃ ወሬ፣ ያለምንም ወጪ ማንሳት እንችላለን።

ይህን የምለው ከራሴ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ አንድ ሆስፒታል ታካሚው ከአልጋ ሲነሳ የሚጮኽ ማንቂያ በ16 የተኝቶ ሕክምና ክፍሎች ተሞክሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 ውጤቱ ሲወጣ የወዳቂው ቁጥር አልቀነሰም። በሌላ በኩል በቦስተንና በኒውዮርክ ሆስፒታሎች በ14 ክፍሎች የተሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናት አለ። እዚያ ነርሷ፣ ታካሚውና ቤተሰቡ አንድ ላይ ሆነው «እኔን ሊጥለኝ የሚችለው ምንድን ነው? ምንስ እናድርግ?» የሚለውን ሞልተው አልጋው አጠገብ ይሰቅላሉ። መውደቅ በ15 በመቶ፣ ጉዳት ያደረሰ መውደቅ ደግሞ በ34 በመቶ ቀነሰ። ልዩነቱን አያችሁ? ደወሉ የሚጮኸው ሰውየው ከተነሳ በኋላ ነው። ንግግሩ ግን ከመነሳቱ በፊት ይቀድማል።

የእኛ ሰው ይበልጥ ያሰጋዋል ወይ?

ነርሶች የሚጠቀሙበት «የሞርስ መለኪያ» የሚባል አለ። ተመራማሪዋ ጃኒስ ሞርስ ያዘጋጀችው ሲሆን ስድስት ነገሮችን ብቻ ይጠይቃል። እናንተም ልትጠይቁ ትችላላችሁ፦

1. በቅርብ ጊዜ ወድቆ ያውቃል?
2. ከአንድ በላይ በሽታ አለበት?
3. ሲሄድ ምርኩዝ፣ ዎከር ይጠቀማል ወይስ ዕቃ እየያዘ ነው የሚራመደው?
4. ግሉኮስ ወይም የደም ሥር መርፌ ተሰክቶለታል?
5. አረማመዱ ደካማ ነው? ይንገዳገዳል?
6. አቅሙን በትክክል ያውቃል ወይስ የማይችለውን «እችላለሁ» ይላል?

«አዎ» የሚለው መልስ በበዛ ቁጥር ብቻውን እንዲነሳ አትፍቀዱለት። አሜሪካ ዘመድ ሆስፒታል የጠየቃችሁ ሰዎች ቢጫ የእጅ ማሰሪያ አይታችሁ ከሆነ፣ ብዙ ቦታ ትርጉሙ ይኸው ነው፦ ይህ ሰው እንዳይወድቅ ተጠንቀቁ። እኛ ጋ ማሰሪያው ባይኖርም አስታማሚው አለ።

አንድ የሚረሳ ሰው ልጨምር፦ የወለደች እናት። ወጣት ናት፣ ጤነኛ ናት፣ ስለዚህ ማንም አይሰጋላትም። ግን ደም ፈሷታል፣ ደክማለች፣ በቀዶ ሕክምና ከወለደች ደግሞ እግሯ ገና ደንዝዞ ሊሆን ይችላል። ከወሊድ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትነሳ ብቻዋን አትነሳ፤ ሕፃኑንም ይዛ አትነሳ።

ለዛሬ ማታ የሚሆን ዕቅድ

1. ከመተኛታችሁ በፊት ተነጋገሩ። አፍ አውጥታችሁ በሉት፦ «እማዬ፣ ሌሊት ሽንት ከመጣሽ ቀስቅሺኝ። ካልቀሰቀስሽኝ ነው የምቀየምሽ»። ቀልድ አይደለም፣ ይሠራል። ሰውየው ማስቸገር ሳይሆን ውለታ መዋል እንደሆነ ይግባው።

2. መጥሪያ ስጡት። ደወል ከሌለ ብርጭቆና ማንኪያ እጁ አጠገብ አድርጉለት፣ ወይም ስልኩን ስጡትና ሚስኮል ያድርግላችሁ። እጁን ቢዘረጋ የሚነካችሁ ቦታ ተኙ።

3. መንገዱን ክፈቱ። ፍራሻችሁን ከአልጋ በሚወርድበት ጎን አታንጥፉ። ፔርሙዙን፣ ሳህኑን፣ ጠያቂ ያመጣውን ፌስታል ሁሉ ከመንገድ አንሱ። ውኃ፣ መነጽር፣ ምርኩዝ በእጁ በሚደርስበት ቦታ ይሁኑ።

4. ሳይመጣበት ውሰዱት። ከመተኛቱ በፊት፣ ሌሊት አንዴ፣ ንጋት ላይ። የሚወድቀው ሽንቱ አጣድፎት ሲሮጥ ነው። በሽንት ብላችሁ ግን ውኃ አትከልክሉት፤ ውኃ ያነሰው ሰው ይበልጥ ይዞርበታል።

5. ሌሊት ሌሊት ፖፖ ተጠቀሙ። መንገዱ ሩቅ ከሆነ ወይም ሽንት ቤቱ ቁጢጥ የሚባልበት ከሆነ አልጋው አጠገብ ይሻላል። ወንዶችም ተቀምጠው ይሽኑ። መጋረጃ ወይም ነጠላ ጋርዱለት፤ ሲሸፈን እሺ ይላል።

6. እግሩንና ልብሱን እዩ። የሰፋ ሸበጥ፣ በካልሲ ብቻ መሄድ፣ መሬት የሚጎተት ጋቢ ሦስቱም ይጥላሉ። ከኋላ የሚይዝና የማያንሸራትት ጫማ ይሁን።

7. የአልጋው ፍሬን መያዙን፣ አልጋው ዝቅ የሚል ከሆነም ዝቅ ማለቱን አረጋግጡ። የስልክ ባትሪ ቅርብ ይሁን።

ሲነሳ ሦስት ጊዜ ይረፍ

አነሳሱን እንዲህ አድርጉት። መጀመሪያ አልጋው ላይ እንዳለ ቁርጭምጭሚቱን ጥቂት ጊዜ ያንቀሳቅስ። ከዚያ ቀና ብሎ እግሩን አውርዶ አንድ ሁለት ደቂቃ ይቀመጥ። ከዚያ አልጋውን ይዞ ቆሞ ትንሽ ይቆይ። በየመሀሉ «ያዞርሃል ወይ? ዓይንህ ጭልም አለ?» በሉት። አዎ ካለ መልሳችሁ አስተኙትና ለነርሷ ንገሩ።

ሲራመድ በደካማው ጎን፣ ትንሽ ከኋላ ሆናችሁ ደግፉት። ስትሮክ ያገኘው ሰው ከሆነ ደካማው ጎን የትኛው እንደሆነ ጠይቃችሁ እወቁ። ሽንት ቤት ሲገባ በሩን አይቀርቅር፤ እናንተም በር ላይ ቁሙ። ድንገት ከከዳው ታግላችሁ አታቁሙት፤ ጭንቅላቱን እየጠበቃችሁ ቀስ ብሎ መሬት ላይ እንዲቀመጥ እርዱት። አለበለዚያ ሁለታችሁም ትወድቃላችሁ።

የሚጠቅሙ የሚመስሉ፣ ግን የሚጎዱ

ማሰር። «እንዳይወድቅ» ብሎ እጅ እግሩን በነጠላ ማሰር ይበልጥ ያስፈራዋል፣ ያወራጨዋል፣ ይጎዳዋል።

የአልጋውን የጎን ብረት አንስቶ መተው። በአእምሮው ለተደናገረ ሰው ብረቱ አጥር አይሆንም፤ ሊዘለው ይሞክራል፣ ከከፍታም ይወድቃል። ብረቱ መቼ እንደሚነሳ ነርሷን ጠይቁ።

ከአልጋ አትነሳ ማለት። ይሄ ትልቁ ስህተት ነው። የ10 ቀኑን ጥናት አስታውሱ፤ ዛሬ ያስተኛነው እግር ነገ ይወድቃል። ሐኪሙ ካልከለከለ ቀን ቀን፣ ሰው ደግፎት፣ ወንበር ላይ ይቀመጥ፤ በኮሪደሩም ወጣ ገባ ይበል። የምንከለክለው ብቻውን መነሳትን ነው።

ቢወድቅስ?

ሁላችንም የሚቀናን ሮጠን ማንሳት ነው። ቆዩ! አታንሱት። ሲስተርን ወይም ሐኪም ጥሩ። እስኪመጡ አረጋጉት፣ ጋቢ አልብሱት። አንገቱን ወይም ጀርባውን ካመመው፣ እግሩ ካጠረ ወይም ወደ ውጭ ከዞረ፣ ጨርሶ አታንቀሳቅሱት። ሐኪም ሳያየው ምግብም ውኃም አትስጡት።

ጭንቅላቱን ተመትቶ እንደሆነ ንገሩ። እንደ ዋርፋሪን ያለ ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ከሆነ ይህን ሳትናገሩ እንዳታልፉ። ጭንቅላት ውስጥ የሚፈስ ደም ወዲያው ላይታወቅ ይችላል፤ ከሰዓታት በኋላ፣ አንዳንዴም ከቀናት በኋላ ይመጣል። የሚብስ ራስ ምታት፣ ማስመለስ፣ ከወትሮው የተለየ እንቅልፍ፣ የአንድ ጎን መድከም፣ የንግግር መንተባተብ ካያችሁ በፍጥነት ተናገሩ።

መውደቁን ደግሞ አትደብቁ። «ሲስተር ትቆጣናለች» ብለው የሚደብቁ ቤተሰቦች አሉ። የተደበቀ መውደቅ ሕክምና አያገኝም፤ አንዴ የወደቀ ሰው ደግሞ እንደገና የመውደቅ ዕድሉ ከፍተኛ ነው።

ለሙያ አጋሮቼ

ጫናውን አውቀዋለሁ። አንዲት ነርስ ለብዙ አልጋ፣ ሌሊቱን ብቻዋን። ግን ማታ መድኃኒት ስትሰጡ «ሽንት ቤት ሄደሃል? ማን ያነሳሃል?» የሚለው ጥያቄ ደቂቃ አይፈጅም። አስታማሚውን ከዋርድ ስታስወጡም ሌሊት ማን እንደሚተካው አስቡ። ለሆስፒታል ኃላፊዎች ደግሞ፦ ሽንት ቤት ውስጥ የግድግዳ መያዣ ብረት፣ ኮሪደር ላይ የሌሊት መብራት፣ የሚሠራ የአልጋ ፍሬን። ውድ መሣሪያ አልጠየቅኩም። አንድ ሰው ሲወድቅም «ማን ነው ተረኛው?» ከማለት በፊት «ምን ጣለው?» ብለን እንጠይቅ፤ ቅጣት የሚፈራ ሰው ሪፖርት አያደርግም።

ዛሬ ሆስፒታል የምታስታምሙት ሰው ካለ፣ ይህን አንብባችሁ እንደጨረሳችሁ አንድ ነገር ብቻ አድርጉ። ስልካችሁን አስቀምጡና ወደ አልጋው ዞር ብላችሁ «ሌሊት ስትነሳ ትቀሰቅሰኛለህ አይደል?» በሉት። አዎ እስኪላችሁ ድረስ አትተኙ።

አስታማሚ ለሆነ ወዳጃችሁ ሼር አድርጉለት። ጥያቄ ካላችሁ ጻፉልኝ።

ለታመሙት ምሕረት፣ ለአስታማሚዎች ብርታት ይስጥልን።